የጥቁሯ መኪና ቀኝ ጎን

ጡረታ የወጣሁት እጄ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ቀለም ቀቢ ቀለሙን አንድ ቦታ ላይ ያበዛዋል። የበዛው ቀለም ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል፤ በእኛ ሙያ «ቀለሙ አለቀሰ» ይባላል። ያለቀሰ መኪና ለሰው ከማስረከብ ብዬ ራሴ ጠይቄ ወጣሁ።

ቤት መዋል ከጀመርኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እንሸራሸራለሁ። ከሰፈራችን ዳር መኪና የሚሸጥ አንድ ድርጅት አለ። ግቢው ውስጥ ሠራተኞች የደንበኛ መኪና ሲያጥቡ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። ጨርቁ መሬት ይወድቅባቸዋል፤ አንስተው እንዳለ መኪናው ላይ ያሹታል። የመኪናው ባለቤት ቢሮ ውስጥ ሻይ እየጠጣ ነው። መኪናው ሲወጣ ያብረቀርቃል፤ እርጥብ ነገር ሁሉ ያብረቀርቃል። ጉዱ የሚታየው ደርቆ ፀሐይ ሲያርፍበት ነው። አንድ ቀን አልቻልኩም፣ አጥሩን ይዤ «ኧረ ጨርቁን አለቅልቁት» አልኳቸው። አንደኛው ቀና ብሎ «አባባ፣ መንገድዎን ይሂዱ» አለኝ። ሄድኩ።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት የዚያን ዕለት ነው። መጻፍ የፈለግሁት ግን ስለ ጨርቅ ብቻ አይደለም፤ ስለ አንድ ሰው ነው። ጅግሶ ይባላል። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው በልጦኛል፣ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ጅግሶ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በሥራ በልጦኝ አያውቅም። ሆኖም ዕድሜ ልኬን የቀናሁት በእሱ ነው። ይህን ሳነብላት ባለቤቴ «አሁንም?» አለችኝ። አዎ፣ አሁንም።

አባቴ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። ከሸዋ መጥተው ዲላ ከሰፈሩ በኋላ እስከ ገደብ ድረስ በቅሎ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃቸው ነበር። ጣሊያን ገብቶ መንገዱን በካሚዮን ሲሞላው የበቅሎው ነገር ቀዘቀዘ፤ ከበቅሎው ጋር የአባቴ ሥራም ቀዘቀዘ። እኔ ያኔ ጺሜ ገና ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ ነበርኩ። ሲኞር ቤርቶ የሚባል ጣሊያን ከገበያው በታች ጋራዥ ከፍቶ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሄጄ ገባሁ። አባቴ አልከለከሉኝም። «እኛን የበላ ነገር ነው፣ ሄደህ ከእሱ ብላ» አሉኝ ብቻ።

ቤርቶ ካሚዮንና የቤት መኪና ይሸጣል፣ የሸጠውንም ይጠግናል። ደንበኞቹ የቡና እርሻ የተሰጣቸው ጣሊያኖች፣ መኮንኖችና ጥቂት ነጋዴዎች ነበሩ። ጣሊያን ሲመጣ ጥላ ሥር ወንበር ይቀርብለታል፤ የአገር ሰው ከሆነ ቀብረር ያለ ነጋዴም ቢሆን ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ቤርቶ አንድ ልማድ ነበረው። መኪና ለምንም ይግባ ለምን፣ ባለቤቱ ባይጠይቅም ታጥቦ ይውጣ ይላል። «ሰው ሞተር አያይም፣ የሚያየው ብርሃን ነው» የምትል አባባል ነበረችው። ደሞዛችን በሊሬ ነበር፤ ስለ እሷ የማወራው ብዙ የለኝም።

ቀለሙን የያዙት አቦይ ገብረዝጊ ነበሩ። የሐማሴን ሰው ናቸው፤ ሙያውን አስመራ ተምረው ከካሚዮኖቹ ጋር ነው ዲላ የደረሱት። ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ፀጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ጥፍራቸውን ይከረክማሉ፣ ቀለበታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ይከታሉ፣ ሸሚዛቸውንም ፊቱን ወደ ኋላ አዙረው ይለብሳሉ። መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጣ። በኋላ ነው የገባኝ፤ መኪናው ላይ ሲያጎነብሱ ቁልፉ እንዳይቧጭረው ነው።

የዲላ ቀይ ጭቃ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ነው። አቦይ ጭቃ የያዘ መኪና ሲመጣላቸው ጥላ ሥር ያስቆሙታል። ከጣሪያው ጀምረው ውሃ ቀስ አድርገው ያፈሱበታል፤ ከዚያ ትተውት ይቀመጣሉ። እኛ መፋቅ ስንፈልግ ይቆጡናል። «ጭቃው ራሱ ይልቀቅ፤ አንተ አትግፈፈው። ቆዳ ነው ይሄ» ይላሉ። ጭቃው ለስልሶ መንሸራተት ሲጀምር ዳግመኛ ያፈሳሉ። ጨርቅ የሚያነሱት በመጨረሻ ነው። ለላይኛው ክፍል ሌላ ጨርቅ፣ ለታችኛው ሌላ። ጨርቁንም አለቅልቀው ከጨመቁ በኋላ ወደ ከንፈራቸው ያስጠጉታል። ዓይንና ጣት ያላገኙትን አሸዋ ከንፈር ያገኘዋል። እኔ እስከ ዛሬ የታጠበ ጨርቅ ሲሰጡኝ በከንፈሬ ነው የምፈትነው፤ ባለቤቴ የወጥ ቤቷን ፎጣ እንዲህ ሳደርገው እያየች ስንት ጊዜ ታዝባኛለች።

ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ አጠናቀቅሁ። አቦይ አንድ ጊዜ ያሳዩኝን ሁለተኛ እንዲነግሩኝ አድርጌ አላውቅም። በዚህ እኮራ ነበር። ወደፊት የቀለም ቅመማውን ያስተምሩኛል፣ እጄን ይዘው ጥቁሩንም ነጩንም ያሠሩኛል ብዬ እጠብቃለሁ። ጅግሶ የመጣው በዚህ መካከል ነው።

ጅግሶ የጪጩ ልጅ ነው፤ ዕድሜያችን እኩል ነበር። የመጣው ቃጫ ሊሸጥ ነው፤ ከእንሰት የሚወጣውን ያን ሻካራ ክር ቤርቶ ለሞተር ዘይት መጥረጊያ ይገዛው ነበር። አንድ ቀን ሸክሙን አውርዶ የአቦይን ሥራ ቆሞ ማየት ጀመረ። አልሄድም አለ። በሚቀጥለው ቀንም መጣ። በመጨረሻ ከለገዳራ ወንዝ ውሃ እንዲቀዳ ተቀጠረ፤ ብዙም ሳይቆይ ባልዲውን ሌላ ሰው ያዘው፣ ጅግሶ ከአቦይ አጠገብ ቆመ።

ሲሠራ ይስቃል፣ ይጠይቃል፣ ይሳሳታል። የታችኛውን ጨርቅ ወደ ላይ ያወጣል። አቦይ እጁን ይይዙታል፤ «አይደለም ወደይ፣ እንዲህ» ይሉታል። ወደይ በአገራቸው «ልጄ» ማለት ነው። እኔን በስሜ ነበር የሚጠሩኝ።

አንድ ነገር ልናገር። አቦይ ለማድረቂያ የሚሆን ለስላሳ ቆዳ አጥተው ሲቸገሩ ሰማሁና አባቴን ለመንኳቸው። አባቴ የግልገል ፍየል ቆዳ በቅቤ አሽተው፣ በእጃቸው ፈትገው፣ እንደ ሐር አድርገው ሰጡኝ። ይዤ ሄድኩ። አቦይ በጉንጫቸው ዳበሱት።

«ይህን የሠራው ማነው?»

«አባቴ ናቸው።»

«እጃቸው ይባረክ። እንዲህ ያለ አስመራም አላየሁ።»

ከዚያ ዞር አሉና ለጅግሶ ሰጡት። «አንተ ያዘው። እጅህ ይከብዳል፣ ይህ ያለዝብልሃል።»

ጅግሶ ተቀብሎ ፊቱ ላይ አሸት አሸት አደረገውና «በቀለ፣ ቆዳው ጥሩ ናት» አለኝ። አማርኛው እንደዚያ ነበር፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርገዋል። አንድም ክፋት አልነበረበትም። ክፋት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

አሁን ወደ ጥቁሯ መኪና ልምጣ።

ሐጂ ኑርሁሴን የሚባሉ የቡና ነጋዴ ነበሩ። ከቆጫሬና ከገደብ ቡና ሰብስበው ወደ ላይ ይልካሉ። አንድ መኮንን ተዛውሮ ሲሄድ የተዋትን ጥቁር የቤት መኪና ከቤርቶ ገዙ። በአገሩ ሰው እጅ የገባች የመጀመሪያዋ የቤት መኪና እሷ ነበረች ማለት ይቻላል። የሚያደንቅም የሚያማም ነበር፤ «የጣሊያን ትራፊ ገዙ» ያሉም አልጠፉም። ሐጂ ግን አንድ ሐሳብ ነበራቸው። ልጃቸውን ገደብ ላለ ቤተሰብ ሊድሩ ነው፤ ሙሽራዋን በዚያች መኪና ሊሸኙ ለአማቾቻቸው ቃል ሰጥተዋል። ሠርጉ ሲቃረብ ሞተሯን አይታችሁ ዘይት ቀይሩልኝ ብለው አስገቧት።

በዚያው ሰሞን ከይርጋለም አንድ ትልቅ ሹም ይመጣል ተባለ። ቤርቶ መቀመጫ አጣ። ግቢው ውስጥ ያለ መኪና ሁሉ እስከ እኩለ ቀን ያብረቅርቅ አለ። አቦይ ወባ ጥሏቸው ጓዳ ተኝተዋል። ቤርቶ እኔንና ጅግሶን ከመኪኖቹ ለይቶ ዕቃ ከካሚዮን እንድናወርድ ወደ ማዶ ላከን። ለማጠቡ ከገበያ የቀን ሠራተኞች ጠርቶ የልብስ ሳሙናና ያንኑ የዘይት መጥረጊያ ቃጫ አስያዛቸው። ሰዎቹ ምን ያድርጉ፤ የሸክላ ምጣድ እንደሚፈተግ መኪኖቹን ፈተጓቸው። በጠራራ ፀሐይ፣ ጭቃው ሳይርስ፣ ቃጫውም የወንዝ አሸዋ እንደያዘ።

ስንመለስ መኪኖቹ ተደርድረው ያበራሉ። ሹሙ መጥቶ፣ አይቶ፣ ሄዷል። ቤርቶ እየዘፈነ ነበር። የጥቁሯ መኪና ኮፈን ላይ ፀሐይ ሲያርፍ እኔና ጅግሶ እኩል ቆምን። ጥቁሩ ጥቁር አልነበረም። ከጣሪያ እስከ በር፣ ከበር እስከ ጭቃ መከላከያው፣ እኛ ፓራፋንጎ የምንለው፣ ክብ በክብ ላይ የተደራረበ ጭረት ነው። ሸረሪት ያደራችበት ይመስላል። ጅግሶ በእጁ ጀርባ ነካ አደረጋትና በጌዴኦኛ አንድ ነገር አለ። ምን እንዳለ አልጠየቅሁትም።

ሐጂ ከሰዓት በኋላ መጡ። ደጅ ቆሙ፤ መኪናዋ ወጣችላቸው። አንዴ ዞሯት። ከዚያ ሁለተኛ ዞሯት። ቤርቶ ቋንቋ ስለማይችል አቦይ ከነትኩሳታቸው ጋቢ ተከናንበው ለአስተርጓሚነት ተጠሩ። ግንቡን ተደግፈው ነበር የቆሙት።

ቤርቶ ረጅም ነገር ተናገረ። አቦይ አዳምጠው ሲያበቁ «የቡና ቅርንጫፍ ነው የቧጨራት ይላል። የቆጫሬ መንገድ ጠባብ ነው፣ እኛ አልነካናትም ይላል» አሉ።

ሐጂ ቤርቶን አላዩትም። አቦይን ነው ያዩት።

«እሱ ይላል። አንተስ ምን ትላለህ?»

አቦይ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ቤርቶ አጠገባቸው ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ የጣሊያን ፖሊሶች፣ ካራቢኒየሪዎቹ፣ ያልፋሉ ያገድማሉ።

«ሐጂ፣ ቅርንጫፍ ክብ አይስልም» አሉ አቦይ።

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለሰው የማሳየው ፊት ነበር የሰጠኋችሁ። ቧጭራችሁ መለሳችሁልኝ። ንገረው፤ እኔ ለሠርጉ እፈልጋታለሁ። ካልሆነ ነገ ሬዚደንቴው ዘንድ እቀርባለሁ፤ ቡናዬን ማን እንደሚፈልገው እሱ ያውቃል።»

ሬዚደንቴው የአገሩ ገዥ የነበረው ጣሊያን ነው። ያን ስም ለመስማት ቤርቶ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ፊቱ ቀላ። ሐጂ ከሄዱ በኋላ ወደ እኛ ዞረ፤ ጅግሶ አጠገቡ ስለነበር በጥፊ አጮለው። ከዚያ ለአቦይ ተናገረ፣ አቦይም ለእኛ ነገሩን። መኪናዋ እንደ ነበረች ካልሆነች ሆን ብለው አበላሹ ብሎ ሦስታችንንም ለካራቢኒየሪ ያስረክበናል። በዚያ ዘመን ሆን ብለው አበላሹ የተባሉ ሰዎች የት እንደሚደርሱ የምንጠይቅ አልነበርንም።

አቦይ መቆም አልቻሉም። በመኪናዋ አጠገብ አልጋ አስዘረጉና ጋደም አሉ። ከዚያ ሥራውን አከፋፈሉን። «በቀለ ግራ ጎኗን፣ ጅግሶ ቀኝ ጎኗን። ቀለሙ ስስ ነው። ጭረቱ እስኪጠፋ ሳይሆን ዓይን እስኪስተው ነው የምትወለውሉት። ጠርዙ ላይ ስትደርሱ እጃችሁን አቅልሉ፤ ጠርዝ ላይ ቀለም አይቆምም።»

ያን አስቸጋሪ ሥራ ለሁለት ሲከፍሉት ደስ አለኝ። አሁን ያዩታል አልኩ በልቤ። ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚታይ ሥራ ነው፤ ማን እንደሆንኩ፣ እሱ ማን እንደሆነ።

እንደዚያ ሠርቼ አላውቅም። መወልወያውን ቅባት በጥጥ ጨርቅ ጠቅ እያደረግሁ፣ በትንሽ በትንሽ፣ አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ፣ ክብ ሳልሠራ። አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ስጨርስ እጠርጋለሁ፣ ጎንበስ ብዬ በጎን ብርሃን አያለሁ፣ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ጠርዙ ላይ ስደርስ ትንፋሼን ውጬ ነበር የማልፈው። ጥቁሩ ከሥር እየወጣ መጣ። የጉድጓድ ውሃ ውስጥ እንደማየት ነው፤ ፊቴን አየሁበት። አቦይ ያዩልኝ ዘንድ ቀና አልኩ። ዓይናቸው ተጨፍኗል።

በዚህ መካከል ጅግሶ «አቦይ» አለ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

ዞሬ አየሁ። የቀኝ ፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል፣ ቀይ ነገር ወጥታለች። ከጥቁሩ ሥር ያለው የመጀመሪያው ቅብ ነው። ቸኩሎ፣ ጠርዙን ከሜዳው እኩል ተጭኖ፣ ቀለሙን በልቶ ጨርሶታል። ጭረት ይወለወላል፤ የሌለ ቀለም ግን አይወለወልም። ያቺ ቀይ ነጥብ ከሩቅ እንደ ደም ትታይ ነበር። ሐጂ ያዩዋታል። ሙሽራዋ ታያታለች። ቤርቶ ከሁሉም ቀድሞ ያያታል።

ጅግሶ እጁን አየ። ከዚያ መሬት ተቀመጠ። «እኔን ብቻ ያስራሉ። በቀለ ምንም አላጠፋም፣ እናገራለሁ» አለ።

እንዲህ ሲል እንኳ አላዘንኩለትም። የመጣልኝ ሐሳብ፣ አቦይ አሁን አወቁት፣ የሚል ነበር።

አቦይ ተነሱ። ከአልጋቸው ወርደው፣ ጋቢያቸውን ጥለው፣ ሸሚዛቸውን ወደ ኋላ አዙረው ለበሱ። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ጅግሶን ክንዱን ይዘው አስነሱት።

«ተነስ ወደይ። አሁን ቀለም ትማራለህ።»

እኔ ዓመት ሙሉ የጠበቅሁትን ቃል እሱ በስህተቱ አገኘው።

ጥቁር አንድ ቀለም ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አለ። የዚያች መኪና ጥቁር በፀሐይ በስሎ ወደ ቡናማ ያዘነበለ ነበር፤ አዲሱን ጥቁር ብትቀባበት እንደ ጥላሸት ጎልቶ ይታያል። አቦይ በትንሽ ጣሳ እየቀላቀሉ፣ በአኳራጅ እያቀጠኑ፣ በብርጭቆ ስባሪ ላይ እየጣሉ ያደርቃሉ፤ ከመኪናዋ ጋር ያስተያያሉ፤ ይደፋሉ፤ እንደገና። ከዚያ የጅግሶን እጅ በእጃቸው ይዘው፣ ጠርዟን ከላይ እስከ ታች አስኬዱት። አንድ ስስ ቅብ። ይድረቅ። ሌላ ስስ ቅብ።

ይህን ሁሉ ያየሁት በመኪናዋ መስኮት በኩል ነው። እኔ በግራ በኩል ነበርኩ፤ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ሁለቱ ጭንቅላቶች ተጠጋግተው ይታዩኛል። ምን ያህል ጠብታ ቡናማ እንደጨመሩ፣ ምን እንዳሉት፣ አይሰማም። ዞሬ መጣሁ።

«አቦይ፣ እኔ ላግዛችሁ?»

ቀና ሳይሉ «አንተ ጎንህን ጨርስ» አሉኝ።

ጨርሼ ነበር። ተመልሼ የጨረስኩትን ወለወልኩ።

የሠርጉ ዋዜማ ሐጂ መጡ። መኪናዋን በሰም ቀብተን አቁመናታል። ቤርቶ በሩ ላይ ቆሟል፣ አቦይ ግንቡን ተደግፈዋል። ሐጂ ከግራ ጀመሩ፤ እንደ ተራ ነገር አልፈውት ሄዱ። ቀኙን ሲያዩ ቆሙ። ፓራፋንጎውን በመዳፋቸው ዳበሱ።

«ይቺ ጎን ከበፊቷም ትበልጣለች» አሉ። «ማን ነው የሠራት?»

አቦይ ወደ ጅግሶ ጠቆሙ። ሐጂ የጅግሶን ራስ ዳበሱና መንገዱ አቧራ ስለሆነ ገደብ ድረስ አብሯቸው ሄዶ ሙሽራዋ ከመውረዷ በፊት መኪናዋን እንዲያጸዳላቸው ጠየቁ። በማግስቱ ጅግሶ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠ። ያ የአባቴ ቆዳ ጉልበቱ ላይ ነበር። እኔ ደጁ ላይ ቆሜ አሳለፍኳቸው። ሲመለስ በቅጠል የተጠቀለለ ሐልዋ አመጣልኝ፤ ስለ እልልታው፣ መኪናዋን ሊነኩ ስለተጋፉት ሰዎች ቀኑን ሙሉ ተረከልኝ። ሐልዋው ጣፋጭ ነበር። ይኸም አናደደኝ።

ቤርቶ አልተማረም። ከዚያም በኋላ ሥራ ሲበዛ ቃጫውን ያስነሳል። ነጋዴዎቹ ግን ተማሩ። ሐጂ ለሁሉም ሳይነግሩ አልቀሩም፤ መኪና ሲያመጡ በሩ ላይ ቆመው «ሞተሯን እዩ፣ ውሃ ግን አታስነኩ። ብትታጠብም እነዚያ ሁለቱ ይጠቧት» ይሉ ጀመር። ሁለቱ የሚሉት እኔንና ጅግሶን ነው። ሁልጊዜም «ጅግሶና ጓደኛው» ነበር የሚሉን።

ጣሊያን ሲሸነፍ ቤርቶ አንድ ካሚዮን ሞልቶ ጠፋ፤ ጋራዡም ተዘረፈ። አቦይ ወደ አገራቸው ሊሄዱ ተነሱ። የቀለም መርጫቸውን ለጅግሶ ሰጡት። እኔን አቅፈው ሳሙኝና «አንተ የትም ብትሄድ ሥራ አታጣም» አሉኝ። ትክክል ነበሩ፣ አላጣሁም። ሻሸመኔ ሠራሁ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፤ አንድ ግሪክ አለቃ ነበረኝ፣ ቀጥሎ አንድ አርመን፣ በመጨረሻ የመንግሥት ጋራዥ። ጥቁርን መቀመም ብቻዬን ተማርኩ። ጅግሶ በአንድ ከሰዓት የተማረውን እኔ ብዙ ጣሳ ደፍቼ፣ ብዙ መኪና ፍቄ፣ አለቆች ሰድበውኝ ነው የደረስኩበት። ሲሳካልኝ የሚያይ አልነበረም።

ከብዙ ዓመት በኋላ መሥሪያ ቤቴ ለሥራ አስመራ ላከኝ። አጠያይቄ የአቦይን ቤት አገኘሁ። ሴት ልጃቸው ተቀብላ አስገባችኝ። ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር፤ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። «አባ፣ ከዲላ የመጣ ሰው ነው» አለቻቸው።

ፊታቸው በራ። «ጅግሶ?»

«አይደለሁም አቦይ። በቀለ ነኝ።»

«በቀለ» አሉ። እጄን ይዘው ሳሙኝ። ወዲያው «ጅግሶ ደህና ነው?» አሉ።

ዲላ የራሱ ጋራዥ እንዳለው፣ ልጆች እንዳፈራ፣ የሰማሁትን ነገርኳቸው። እየሳቁ ሰሙኝ። ሻይ ቀረበ። እኔ ግን አንዴ ፉት ብዬ ሲኒውን አስቀመጥኩ።

«አቦይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ጊዜ፣ የሐጂን መኪና ስንሠራ፣ የእኔን ጎን አይተውት ነበር?»

አሰቡ። «አላየሁትም።»

«ለምን?»

«ጅግሶ እጁ ይቸኩላል። ዓይኔን ካነሳሁበት ያበላሻል፤ እንዳየኸውም ለአፍታ ብጨፍን አበላሸ። አንተ ግን...» እጄን ሳይለቁ አውራ ጣቴን ዳበሱ። «ያን ሰሞን ሦስታችንንም ያስሩናል ብዬ እንቅልፍ አልነበረኝም። ትኩሳቱም አለ። የተኛሁት አንተ ስትሠራ ብቻ ነው። የጨርቅህን ድምፅ እየሰማሁ፣ ይሄስ አያሳፍረኝም ብዬ እተኛ ነበር።»

ይህ ታላቅ ምስጋና መሆኑን አውቃለሁ። ሙያተኛ ለሙያተኛ ከዚህ በላይ ሊል አይችልም። ግን ሰው ናፍቆት የቆየውን ነገር በሌላ መልኩ ሲያገኘው ወዲያው አያውቀውም። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

ልሄድ ስነሳ አስጎነበሱኝና ግራ ቀኝ ጉንጬን አጥብቀው ሳሙኝ። «ይህን ለጅግሶ አድርስልኝ» አሉ።

የሰው አደራ ነው። ከአስመራ እንደተመለስኩ ፈቃድ ጠይቄ ዲላ ወረድኩ። ጅግሶ ወፍሯል፣ ጠጉሩ ሸብቷል፤ ጋራዡ በሥራ ተሞልቷል። ሲያየኝ እየሮጠ መጣ። አቅፌ ግራ ቀኝ ሳምኩትና «ይህ ከአቦይ ነው» አልኩት።

ቀጥ ብሎ ቆመ። «አቦይ አለች?» አለ። ያ አማርኛው አልለቀቀውም።

«አሉ። ዓይናቸው ጠፍቷል እንጂ ደህና ናቸው። ቤታቸው ገብቼ አብሬያቸው ሻይ ጠጣሁ። እጄን ይዘው ብዙ አወራን።»

«እጅህን ይዛ?»

«ይዘው።»

«ምን አለችህ?»

ስለ ጨርቄ ድምፅ፣ እኔ ስሠራ ይተኙ እንደነበር ነገርኩት። ጅግሶ እያዳመጠ ፊቱ ተለወጠ። መጀመሪያ እንባ መሰለኝ። አልነበረም። ያን ፊት እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ በጥቁር ቀለም ላይ አይቼዋለሁ፣ የራሴ ፊት ሆኖ።

«እኔ ስሠራ አንድ ቀንም ተኝታ አታውቅም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንድ ቀን።» ከዚያ ወደ መንገዱ ዞሮ «ለምን አልወሰድከኝም? ስትሄድ ለምን አልነገርከኝም?» አለኝ።

ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማየት ደግ ሰውን ያሳዝነዋል። እኔ ደስ አለኝ። ቤቱ ወሰደኝ፤ ሚስቱ ቆጮ በጎመንና በቅቤ አቀረበች። ጅግሶ አንዴ ሁለቴ ጎረሰና እጁን ሰበሰበ። እኔ የእሱንም ድርሻ ጨምሬ በላሁ።